በጓሳ ሜዳ ድንኳን ተክሎ ስለ ማደር

ድንኳን በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ማደሪያ ነው። ንጉሥ በዘመቻ ጊዜ ያድርበት ነበረ፤ ሙሽራና ሚዜ ይቀመጡበታል፤ ዘመድ የሞተበትም ሰው ለቅሶ ይቀበልበታል። በዛሬው ዘመን ግን ብዙ ሰዎች ዘመቻም ሠርግም ለቅሶም ሳይኖርባቸው ድንኳን ጭነው ወደ ሐይቅ ዳርና ወደ ተራራ ይወጣሉ። የሚወጡበትም ምክንያት ከከተማ ጩኸት ተለይተው በሣር ላይ ለመመላለስ፥ አራዊትንና አዕዋፍንም እያዩ ልባቸውን ለማሳረፍ ነው። ይህ ነገር ለሞላሌ ልጅ እንግዳ ይመስለዋል፤ እርሱ በግ ሲጠብቅ ቀኑን ሁሉ በሜዳ ይውላልና። እርሱ በየቀኑ የሚያየውን ሌላው ሰው ገንዘብ አውጥቶ ከሩቅ አገር መጥቶ የሚፈልገው ስለ ምን ነው ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ብዙዎች ለዚህ ዕረፍት የሚመርጡት የሐይቅን ዳር ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ የሚባሉ ሦስት ሐይቆች ተጎራብተው ይገኛሉ። ከነዚህም አብያታና ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ተብለው ተከልለዋል። ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከ260 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። አብያታ ግን ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ወደ እርሱ የሚወርደው ውኃ ለመስኖ በተቀዳ ጊዜ፥ ከራሱም ከሐይቁ ለሶዳ መሥሪያ በተወሰደ ጊዜ ፈጥኖ ጎደለ። ቀድሞ ማዕበል ይመታው የነበረው ዳር ነጭ ደረቅ ጭቃ ሆነ። ውኃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ፔሊካን የሚባሉት ታላላቅ ነጭ ወፎች በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ዓሣ እያጠመዱ ጫጩቶቻቸውን ይመግቡ ነበረና ምግባቸው ጠፋባቸው። እንግዲህ አንድን ስፍራ ፓርክ ብሎ መሰየም ብቻውን ስፍራውን አያድነውም። ጎረቤቱ ሁሉ እጁን ሊሰበስብ ያስፈልጋል።

በመንዝ እንዲህ ያለ ታላቅ ሐይቅ የለም። ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ እጁን ሰብስቦ የጠበቀው ስፍራ አለ፤ ስሙም ጓሳ ይባላል። ከሞላሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ወደ መሐል ሜዳ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጣ ጓሳን ያገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ወደ ቈላ የሚወርድ ገደል አለ፤ በምዕራብ በኩል ግን ቀስ እያለ ወደ መንዝ እርሻ ይዘቀዘቃል። በሜዳውም ላይ ጅብራ እንደ ዘበኛ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ አስታና ጨረንፌም በቍጥቋጦ ይበቅላሉ፤ ጦስኝም ከእግር በታች ሲረገጥ ይሸታል።

የስፍራው ስም የተወሰደው ከሣሩ ነው። ጓሳ ማለት በደጋ የሚበቅል፥ በዘለላ በዘለላ የሚቆም ቀጭንና ጠንካራ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን በእርሱ ይከድናል፤ ገመድም ይገምድበታል፤ እረኛም ዝናብ እንዳያበሰብሰው የሚደርበውን ጌሳ ከእርሱ ይሠራል። ይህ ለዐይን የሚታየው ጥቅሙ ነው። የማይታየው ጥቅሙ ግን ከዚህ ይበልጣል። ዝናብ በባዶ መሬት ላይ በወረደ ጊዜ አፈሩን ይዞ ወዲያው ወደ ገደል ይሮጣል። በጓሳ ላይ በወረደ ጊዜ ግን ሣሩ ፍጥነቱን ይሰብረዋል፤ ሥሩና ከሥሩ በታች ያለው ጥቍር አፈር ውኃውን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ ከዚያም በበጋ ጥቂት በጥቂት በምንጭ ይሰጠዋል። ከምዕራቡ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ በገባሮቹ አማካይነት ወደ ዓባይ ይደርሳል፤ ከምሥራቁ ገደል የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ጓሳን ዳር የሌለው፥ ውኃውም በሣር ሥር የተሰወረ ሐይቅ ነው ብንለው ብዙ አልተሳሳትንም።

ይህ ሁሉ ሣር በብዙ ችግረኛ ገበሬ መካከል ሳይታረስና ሳይታጨድ እንዴት ቆየ? በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ምድሩን እንደ ያዙና ዘሮቻቸው በጋራ እንዲጠብቁት ሥርዓት እንደ ተሠራ ይተረካል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። ባለ መብቶቹ ከመካከላቸው አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃውም ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ጓሳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስናል። ተዘግቶ ሳለ ማንም ሣር አያጭድም፤ ማንም ከብት አያሰማራም፤ ማንም እንጨት አይለቅምም። አንዳንድ ጊዜ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆይ ነበረ። ሣሩ በደረሰ ጊዜ ወይም ብርቱ ድርቅ በመጣ ጊዜ በበጋ ይከፈታል፤ ሁሉም በአንድነት ገብቶ ድርሻውን ያጭዳል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ይዘጋል። ሥርዓቱን የሚያፈርስ ሰው ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበረ፤ ቅጣቱም ለዛሬ ሰው ጆሮ ይከብድ ይሆናል።

እኔ ግን ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጓሳው በተዘጋበት በሦስተኛው ዓመት በክረምት ሌሊት አንድን ቤት አስቡ። የጣራው ክዳን አርጅቷል፤ ውኃ በምድጃው ላይ ይንጠባጠባል፤ እናት ሕፃኗን ከአንዱ ማዕዘን አንሥታ ወደ ሌላው ማዕዘን ታስተኛለች። ከቤቱም ጥቂት ሰዓት ርቆ መልካም ሣር ቆሟል። ጨለማ ነው፤ ጭጋግም አለ፤ ማጭድም በግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ባልየው ግን ተነሥቶ አይሄድም። አንድ ሸክም ቢያጭድ ቤቱ አይፈስም ነበረ፤ ጓሳውም በአንድ ሸክም አያልቅም ነበረ። ነገር ግን ጎረቤቱም ቤት ይፈስሳል፤ የጎረቤቱም ጎረቤት እንዲሁ ነው። ይህ ሰው ያን ሌሊት በቤቱ ስለ ተቀመጠ እኛ ዛሬ የምናየው ሜዳ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለብሷልና ይህን ፈተና የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጅ ሆይ፥ አጠገብህ ያለውን ሽማግሌ፥ «አባቴ፥ ቤታችሁ በጓሳ የተከደነው መቼ ነበረ?» ብለህ ጠይቀው።

በአሜሪካ አገር የሎውስቶን የሚባል፥ በውስጡ ታላቅ ሐይቅና የፈላ ምንጭ ያለበት ስፍራ አለ። መንግሥታቸው በ1864 ዓ.ም. (በእነርሱ አቆጣጠር በ1872) ለሕዝብ ዕረፍት እንዲሆን በሕግ ከለለው፤ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክም እርሱ ነው ይባላል። የመንዝ ገበሬዎች ጓሳን የዘጉት ግን ከዚያ ከ200 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። እነርሱ ፓርክ የሚለውን ቃል አልሰሙም፤ እንግዳ ይመጣል ብለውም አላሰቡም፤ ለቤታቸው ክዳንና ለክፉ ዘመን ስንቅ ጠበቁት እንጂ።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የርስት ሥርዓት ቀረና ቄሮም ኃይሉን አጣ። ብዙ ሰው ያለ ጊዜው ገባ፤ ሣሩና ቍጥቋጦው ተጎዳ። ደግነቱ ሥርዓቱ ከሰው ልብ አልጠፋምና ከገበሬ ማኅበራቱ የተመረጡ ሰዎች በኮሚቴ ሆነው ጥበቃውን ቀጠሉ፤ ከዚያም ወዲህ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ታወቀ። ለእንግዳም ማደሪያ ቤትና ድንኳን መትከያ ተዘጋጀለት፤ እንግዳው የሚከፍለውም ገንዘብ ለጠባቂዎቹና ለአካባቢው ጥቅም እንዲሆን ተደረገ።

አሁን ወደዚያ ሄዶ የሚያድር ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት እንናገር። መጀመሪያ የመንገዱን ሰላምና የጓሳውን ሁኔታ ከአገሬው መጠየቅ ይገባል። ለመሄድ የሚመቸው ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ ያለው በጋ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃውና ጭጋጉ ብርቱ ነው። እንደ ደረሱም አስቀድሞ ለጠባቂዎቹ መታየት፥ የሚገባውን መክፈል፥ ስፍራውን የሚያውቅ ጠባቂም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሳይታይ ሾልኮ የሚገባ እንግዳ ያ ባለ አሮጌ ክዳን ሰው ሊያደርገው ያልፈቀደውን ያደርጋል።

ስንቅ ሲያዘጋጁ አንድ ነገር ማሰብ ይገባል። ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በጓሳ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞኝ ሰው ይህን ሰምቶ ወጡ ፈጥኖ ይበስላል ይላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የፈላው ውኃ ሙቀቱ አነስተኛ ነውና ባቄላና አተር እስኪበስል ድረስ ብዙ ሰዓትና ብዙ እንጨት ይፈጃል። ስለዚህ በሶ፥ ቈሎና ዳቦ ቈሎ የያዘ ሰው ጥሬ ከያዘው ይሻላል። መንገደኛ በሶ እንዲይዝ ያስተማሩን እናቶቻችን ይህን የዲግሪ ነገር ሳይማሩ አውቀውት ነበረ። ከቈላ የመጣ እንግዳ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ሊያመውና ትንፋሹ ሊያጥረው ይችላል፤ ቀስ ብሎ መራመድና ውኃ አብዝቶ መጠጣት ይረዳዋል፤ ሕመሙ ቢበረታ ግን ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ማውረድ ነው።

ብርዱን የመንዝ ልጅ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን ላያውቅ ይችላል። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሪቱ ቀን የተቀበለችው ሙቀት የሚይዘው ደመና አጥቶ ወደ ላይ ይበተናል። የቀዘቀዘውም አየር ከሞቀው ይከብዳልና እንደ ውኃ ወደ ጐድጓዳው ስፍራ ይወርዳል፤ በዚያም ውርጭ ይሠራል። ስለዚህ ድንኳን በጐድጓዳ ስፍራ አይተከልም፤ ነፋስ በሚመታው ጫፍ ላይም አይተከልም፤ በመካከል ባለው ደረቅ ተዳፋት ላይ ነው እንጂ። ከበታች ወፍራም ነገር ማንጠፍ ከላይ ብዙ ከመልበስ ይበልጣል፤ ብርድ ከምድር ይመጣልና። ባና ያለው ሰው ከሱቅ የተገዛ ቀጭን ብርድ ልብስ አያስፈልገውም። ሣር አጭዶ ማንጠፍ ግን አይፈቀድም፤ ይህን መናገርስ ባላስፈለገ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ገደሉ ነው። ከቈላው የሚነሣው እርጥብ አየር በገደሉ ላይ ሲወጣ ቀዝቅዞ ጭጋግ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ከእኩለ ቀን በኋላ ሜዳውን በድንገት ይሸፍነዋል። በዚያን ጊዜ ሰው አሥር እርምጃ ወደ ፊቱ አያይም። ጭጋግ የያዘው ሰው ቢቸኩል ይሞታል፤ በያለበት ተቀምጦ ቢጠብቅ ግን ጭጋጉ ይገፈፍለታል። ልጆች ያለ ታላቅ ሰው ወደ ገደሉ ጫፍ አይሂዱ።

ስለ እሳትም እንዲሁ ነው። የደረቀ ጓሳ እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ነፋስም ካገዘው ሰው ሊያጠፋው አይችልም። እሳት የሚነደው ጠባቂዎቹ ባሳዩት ስፍራ ብቻ ነው። እንጨቱም ከቤት የተጫነ ባሕር ዛፍ ይሁን እንጂ አስታ ወይም ጨረንፌ አይቈረጥ፤ በዚያ ብርድ አንድ ቍጥቋጦ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ለአንድ ማታ ሻይ ግን በሩብ ሰዓት አመድ ይሆናል።

በማለዳ የሚነሣ እንግዳ ጭላዶች ከገደሉ ወደ ሜዳው ሲወጡ ያያቸዋል። ሌሊት በገደል ያድራሉ፥ ቀን ሣር ይበላሉ። ከዝንጀሮ ወገን እንደ እነርሱ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ሌላ የለም፤ ተቀምጠው በጣታቸው እየቀነጠሱ ሲበሉ ሴቶች ጎመን የሚለቅሙ ይመስላሉ። ወንዱ እንደ አንበሳ ጐፈር አለው፤ ደረቱም ላይ ቀይ ገላ ይታያል። በኢትዮጵያ ደጋ ካልሆነ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኙም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሊቃውንት በጓሳ ተቀምጠው ጠባያቸውን ሲመረምሩ ቆይተዋል።

ከጭላዶቹም መካከል አንዳንድ ጊዜ ቀይ ቀበሮ ሲመላለስ ይታያል። ጭላዶቹ ውሻ ሲያዩ ይሸሻሉ፤ ቀበሮውን ግን ዝም ይሉታል፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጥ ብቻ ያድናል። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ምርምር እንዳስረዳው ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ በጭላዶች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ጊዜ ይቀናዋል። ምክንያቱ ጭላዶቹ ሣሩን ሲያነቃንቁ አይጦቹ ስለሚወጡ ይሁን፥ ወይም አይጦቹ በመንጋው መካከል ቀበሮውን ስለማይለዩት ይሁን፥ ሊቃውንቱ ሁለቱንም ይገምታሉ። እንግዲህ ሰላማዊ ጎረቤት ለቀበሮ እንኳ ምሳው ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የለም፤ የቀሩትም ጎልማሶች ከ500 አይበልጡም፤ ጓሳም ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። የሚያስፈራው ጠላቱ ጥይት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራራዎች ይህ በሽታ ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ስለዚህ ወደ ጓሳ የሚሄድ ሰው ውሻውን ይወደው እንደ ሆነ በቤቱ ይተወው። ለጭላዳም ዳቦ አይጣል። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የቀመሰ ጭላዳ ከእንግዳው በኋላ የገበሬውን ገብስ ይፈልጋል፤ እንግዳው አዲስ አበባ ገብቶ ተኝቷል፤ ገብሱን ሲጠብቅ የሚያድረው ግን ሌላ ሰው ነው።

በመመለሻ ቀን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሥራው አላለቀም። አመዱ ውኃ ፈስሶበት በእጅ ተዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑ ይረጋገጥ፤ የቆርቆሮ ጣሳና የላስቲክ ከረጢት ተለቅሞ ወደ ከተማ ይመለስ። የድንኳኑ የብረት ካስማዎችም ይቈጠሩ፤ ሲመጡ 12 ከነበሩ ሲሄዱም 12 ይሁኑ። ጓሳው በሚከፈትበት ዓመት ያን ሣር የሚያጭደው ሰው ባዶ እግሩን ሊመጣ ይችላልና፥ በሣር ውስጥ የተረሳ ካስማም አይታየውም።